የራዲያተር ግፊት መሞከሪያ ኪት በአሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አሮጌ ናፍጣ መኪና ውሃ መቀነስና መሞቅ ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ጓርኒሲዮን አቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ» የሚል ነው (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ነው)። አንዳንዴ ልክ ነው። ጥፋቱ የራዲያተር ክዳን፣ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም ቬንትሌተር (ማራገቢያ) ላይ ሆኖ ቴስታታው በከንቱ የሚወርድበት ጊዜም ግን ጥቂት አይደለም። ይህ ኪት የሚገዛው አንድም የቴስታታ ቡሎን ሳይፈታ ሁለቱን ለመለየት ነው። ለወራት የሠራው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር፣ ቱርቦ በሌለው የቶዮታ 3ኤል ሞተር ላይ ነው፤ አሠራሩ ግን ለሌሎች የዚያ ዘመን ናፍጣ ሞተሮችም ያው ነው።

ፍርዱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ ኪቱ ሁለት ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል፤ ውሃው የት ይሄዳል? የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል ወይስ አይገባም? ራዲያተሩ መደፈኑን ወይም ቬንትሌተሩ መድከሙን ግን ፈጽሞ አይናገርም። የምርመራው ግማሽ ነው ብላችሁ ከገዛችሁት አያሳዝናችሁም።

በሳጥኑ ውስጥ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው የእጅ ፓምፕ፣ የተለያየ አፍ ያላቸው አዳፕተሮች፣ የክዳን መሞከሪያ መገጣጠሚያና በኮምፕረሰር የሚሠራ የቫኪዩም መሙያ አለ። ሰማያዊ ፈሳሽ የሚሞላበት የጋዝ መፈለጊያ ቱቦ ለብቻው የሚገዛ ነው። አዳፕተሮቹ በቁጥር ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ክዳናቸው የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ታንክ ላላቸው መኪኖች የተሠሩ ናቸው። ክዳኑ በቀጥታ ራዲያተሩ አንገት ላይ በሚገጥም አሮጌ ናፍጣ ላይ የሚያገለግለው አንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአዳፕተር ብዛት አትማረኩ።

የግፊት ሙከራው የሚደረገው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ነው። ራዲያተሩን እስከ አንገቱ ሙሉት። ይህ ለወግ የተባለ አይደለም፤ ውስጥ አየር ካለ አየሩ እየተለጠጠ ትንሽ ፍሳሽን ይሸፍናል፣ ቀስቱም ንቅንቅ ሳይል ይቆያል። በውሃ የተሞላ ራዲያተር ላይ ግን ጥቂት ጠብታ ሲወጣ ወዲያው ይታያል። ከዚያ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ እስከዚያ ብቻ ንፉ፤ 0.9 ከተባለ 0.9 ባር፣ በሌላው መለኪያ 13 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ነው። «ትንሽ ልጨምርበት» ማለት የሂተሩን ራዲያተር ወይም የፕላስቲክና የአሉሚኒየሙን መገጣጠሚያ መክፈት ነው።

15 ደቂቃ ጠብቁ። ቀስቱ ከወረደ በባትሪ መብራት የምትፈልጉት፦ የቱቦ ጫፎችን ከፋሼታው ሥር፣ የዋተር ፓምፑን ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ ከሞተሩ ጀርባ ወደ ሂተር የሚሄዱትን ቱቦዎች፣ በመጨረሻም ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ። የዋተር ፓምፑ ቀዳዳ ከዘንጉ በታች ያለ ትንሽ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። በዙሪያው የደረቀ የኩላንት ነጭ ወይም ባለቀለም እድፍ ካለ የፓምፑ ሲል (ማሸጊያው) አልቋል፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም ብዙ አይቆይም። አንዳንድ ፋሼታ ደግሞ የሚያፈሰው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ጎማው ስለሚያብጥ ይዘጋል። ሞተሩ ሞቆ የሚፈለግ ፍሳሽ የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀስቱ እየወረደ ውጭ ምንም ጠብታ ካልታየ ነገሩ ወደ ውስጥ ነው። ግፊቱን እንደያዘ ለሰዓታት ተዉትና ግሎው ፕላግ የሚባሉትን ማሞቂያ ካንዴላዎች ፍቱ፤ ከዚያ ሞተሩን በእጅ፣ በክራንኩ ቡሎን በኩል አዙሩት። ከአንዱ ቀዳዳ ውሃ ከወጣ ሲሊንደሩ ተገኘ። ካንዴላዎቹ ሳይፈቱ ግን ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) እንዳታስነሱ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በ2.8 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር አንዱ ሲሊንደር 695 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ኮምፕረሽኑ 22 ለ 1 ሲሆን ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 33 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የበለጠ ውሃ ባዬላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘውን ዘንግ) ለማጣመም ይበቃል።

ክዳኑን መሞከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከሁሉም በፊት መደረግ ያለበትም እሱ ነው። መገጣጠሚያውን በውሃ አርሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ንፉ። ከተጻፈበት ቁጥር በብዙ ዝቅ ብሎ የሚለቅ ክዳን ይጣላል። ይህ በተለይ ከፍታ ላይ ለሚነዳ ሰው ቀልድ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው በ82 ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘና ውስጡ ያለው ተራ ውሃ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል ማለት ነው። ያው ክዳን 0.9 ባር በትክክል ከያዘ የመፍያው ነጥብ ወደ 114 ይወጣል። ክዳኑ ወደ ውስጥ የሚከፈት ትንሽ የመመለሻ ቫልቭም አለው። ጠዋት የላይኛው ቱቦ ተጨምድዶ ከተገኘ ያ ቫልቭ ተጣብቋል።

አሁን ወደ ሰማያዊው ፈሳሽ። ኪቱን ብዙ ሰው የሚያማውም፣ ያለ ምክንያት የሚያምነውም እዚህ ላይ ነው። ፈሳሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነካው ቀለሙን ይቀይራል፤ በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ፣ በናፍጣ ወደ አረንጓዴ። ልዩነቱ የመጣው ናፍጣ ሞተር ብዙ ትርፍ አየር ስለሚስብ ነው። ያለ ጭነት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤንዚኑ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ለሁለት ደቂቃ ተሞክሮ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ምንም አልተረጋገጠም። በናፍጣ ላይ እንዲህ ያለ «ነፃ ነው» የሚል ውጤት አይታመንም።

የሚታመን ውጤት ለማግኘት መኪናውን ጭነት ላይ አውሉት፤ ዳገት በ3ኛ ማርሽ ወይም ረጅም መንገድ። ከዚያ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ክዳኑን በጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ውሃውን ከአንገቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጉድሉ፣ ሞተሩን አስነሱና ቱቦውን አንገቱ ላይ ተጭናችሁ የጎማ ፓምፑን ሳታቋርጡ ጭመቁ። የሚቻል ከሆነ ሌላ ሰው ሞተሩን 2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ ይያዝ። ቢያንስ 5 ደቂቃ። ቀለሙ በአንዴ ሳይሆን ከታች ጀምሮ እየደበዘዘ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ከሆነ ጋዝ እየገባ ነው።

ፈሳሹ ሕያው መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ በትንፋሻችሁ ሞክሩት፤ የሰው ትንፋሽ ውስጥ በቂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለ ቀለሙ መለወጥ አለበት። ከዚያ ንጹሕ አየር ሲሳብበት ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። በትንፋሽ የማይለወጥ ፈሳሽ ሞቷል፣ አፍስሱት። ኩላንት ከተሳበበትም እንዲሁ፤ የተበከለ ፈሳሽ የሚሰጠው ቀለም ትርጉም የለውም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሌላ መኪና እየሠራ መሞከርም ያው ነው፣ የክፍሉን ጭስ ነው የምትለኩት።

ከፈሳሹ ይልቅ በናፍጣ ላይ ቶሎ የሚናገረው ራሱ የግፊት ጌጁ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ፓምፑን ግጠሙ፣ ምንም ሳትነፉ አስነሱ። ውሃ በሙቀት የሚፈጥረው ግፊት ቀስ ብሎ፣ ከሙቀቱ ጋር እየተራመደ ነው የሚመጣው። ቀስቱ ሞተሩ ለብ እንኳ ሳይል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሽቅብ ከወጣ፣ ወይም ከሞተሩ ምት ጋር ከተንቀጠቀጠ፣ ያ የሲሊንደር ግፊት ነው። 1 ባር ከመድረሱ በፊት በመልቀቂያው አስተንፍሱት። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና የላይኛው ቱቦ ጠዋትም እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ምስክሩ ያው ነው። ይህ ሙከራና አረንጓዴው ቀለም ሲገናኙ ብቻ ቴስታታው ይውረድ፤ ከወረደም ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መመለስ ሞኝነት ነው። ገጹ በቀጥተኛ መለኪያ ይታይ፣ በቫልቮቹ መካከል ስንጥቅ ይፈለግ፣ አዲሱ ጓርኒሲዮን ደግሞ ውፍረቱ ፒስተኑ ከሞኖብሎኩ (ከሞተሩ አካል) ገጽ በላይ በሚወጣበት ልክ ይመረጥ።

ኪቱ የማይመልሰው ጥያቄ የሚጀምረው ግፊቱ ይዞ፣ ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ መኪናው አሁንም ሲሞቅ ነው። እዚህ ርቀት ላይ ሆኖ ሙቀት የሚለካ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ውሸት ያነባል፤ ጥቁር ፕላስተር ለጥፋችሁ እሱ ላይ ወይም ጎማው ላይ አነጣጥሩ። ወደ ራዲያተሩ በሚገባውና ከራዲያተሩ በሚወጣው መካከል ያለው ልዩነት ነው ቁም ነገሩ። ላይ በጣም ሞቆ ታች እምብዛም ካልሞቀ ውሃው በደንብ አይዞርም፤ ቴርሞስታት፣ ዋተር ፓምፕ ወይም የተደፈነ ራዲያተር። ላይም ታችም እኩል ከጋለ ውሃው ይዞራል፣ አየሩ ነው የጎደለው፤ ቬንትሌተር ወይም በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል የታጨቀ አቧራና ቅጠል። የራዲያተሩን ገጽ በመስመር ስትለኩ መሀል ላይ ቀዝቃዛ ሰፈር ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተዘግተዋል።

በዝግታና ቆሞ ሲሞቅ ቬንትሌተሩን፣ በፍጥነትና በዳገት ሲሞቅ የውሃውን ዝውውር ጠርጥሩ። ቪስከስ ክላች (ሲሞቅ የሚይዝ፣ በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ ማያያዣ) ያለው ቬንትሌተር ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፋ ተቃውሞ ሊሰማ ይገባል፤ እንደ ልብ የሚሽከረከር ከሆነ ወይም መሀሉ ላይ የዘይት ርጭት ከታየ አልቋል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልን የሚመክር ሰው አይጠፋም። ሁለት ዲስክ ባለው ቴርሞስታት ታችኛው ዲስክ ሲሞቅ የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ሲነሳ አቋራጩ ክፍት ይቀርና የጋለው ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይዞራል። በዳሽቦርዱ ቀስት ላይም ሙሉ እምነት አይጣል፤ ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ከቀረ ቀስቱ እንደውም ሊወርድ ይችላል።

የቫኪዩም መሙያው ጥሩ ነው፤ አየሩን ከሂተሩ ጭምር አውጥቶ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ኮምፕረሰር ከሌለ ግን ጥቅም የለውም፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ጌጁ መመሪያው የሚለው ቁጥር ላይ አይደርስም፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ የአየሩ ግፊት ራሱ ያነሰ ስለሆነ ነው። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል።

አሁን የኪቱ ራሱ ድክመት። መጀመሪያ የሚያረጀው ቱቦው ከአዳፕተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው። እሱ ሲደርቅ ቀስቱ በጣም በዝግታ ይወርዳል፣ ሰውም «ወደ ውስጥ ያፈሳል» ብሎ ቴስታታውን ይወነጅላል። ስለዚህ ቀስቱ በወረደ ቁጥር መጀመሪያ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይፍሰስ፤ አረፋ ከነፋ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። የፓምፑም ሲል እየደረቀ ይመጣል፤ በሲሊኮን ግሪስ ብቻ ይታሽ፣ ተራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል። ጌጁ እስከ 2.5 ባር ስለሚለካ እኛ የምንፈልገው 0.9 ከስኬሉ ግማሽ በታች ይወድቃል፣ የ0.05 ባር ለውጥ በዓይን ለመለየትም ያስቸግራል። መስታወቱ ላይ በቀጭን እስክሪብቶ መነሻውን ማመልከት ይረዳል።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ከአዳፕተሮቹ ቁጥር ይልቅ ሁለት ነገር እዩ፦ የክዳን መሞከሪያው መገጣጠሚያ መኖሩን፣ የጎማ ቀለበቶቹም ትርፍ መሸጣቸውን። ሰማያዊው ፈሳሽ ከፀሐይ ርቆ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ፤ በየሙከራው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሚፈጅ ትንሹን ጠርሙስ መግዛት ይሻላል።