ባሕር ዳር ላላችሁ፣ እንግሊዝኛ ለሚያስፈራችሁ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። አደባባይ ወጥቼ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ግን ትናንት ስልክ አነሳሁ፣ አራት ደቂቃ በእንግሊዝኛ አወራሁ፣ ለእንግዳው ክፍል ያዝኩለት፣ ዘጋሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከዚህ በኋላ ለዚህ ያበቁኝን መምህር ሳልነግራችሁ ዝም ብል ግፍ ነው።

የምሠራው ጣና ዳር ባለ አንድ ማረፊያ ሪሴፕሽን ላይ ነው። ፊት ለፊት የመጣ እንግዳ አያስጨንቀኝም፣ በእጅም በፈገግታም ተግባብተን ቁልፉን ይዞ ይገባል። ስልክ ግን! የውጭ ቁጥር ሳይ ልቤ ትርክክ ትላለች። ስንቴ አልሰማሁም ብዬ ለአለቃዬ ዋሽቻለሁ።

ያልሞከርኩት የለም። አንዱ ጋ የሦስት ወር ከፍዬ ሦስት ወር ሙሉ ከሰሌዳ የግስ ሠንጠረዥ ስገለብጥ ከረምኩ። ደብተሬ ሞላ፣ አፌ ባዶ። አንድ ቀን ተነሺና አንብቢ ተባልኩ። አንዲት ቃል ተሳሳትኩ፣ አስተማሪው ራሱ አጠራሬን እየደጋገመ ክፍሉን አሳቀብኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። ሌላው ደግሞ በ30 ቀን አፋችሁን እንፈታለን ብሎ ብራችንን ተቀበለ፣ በሁለተኛው ሳምንት ስንሄድ በሩ ተቆልፏል። ስልክም አያነሳ። ስማቸውን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ። ግን በስንት ልፋት ያጠራቀምኳት ብር ነበረች።

ጋሼን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ግሽ አባይ ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ወንበርና አንድ ያረጀ ስፒከር አላቸው። በዘፈን ነው የሚያስተምሩት ስትለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሦስተኛዋን ብር ልበላ ነው አልኩ።

መጀመሪያ ቀን መጽሐፍ አልገለጡም። «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?» አሉኝ። ስልክ አልኳቸው። ስቲቪ ወንደር በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «አይ ጀስት ኮልድ ቱ ሰይ አይ ላቭ ዩ» ከፈቱ። ያልሰማው አለ? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳንጎራጉረው ኖሬያለሁ፣ የስልክ ዘፈን መሆኑን ግን ልብ ብዬ አላውቅም። «እኛስ ሰው ጋ ስንደውል እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው የደወልኩት እንል የለ? ጀስት ማለት ያቺ እንዲያው ናት» አሉኝ። ከዚያ መጨረሻውን እየቆረጡ እንድቀጥል አደረጉኝ። አይ ጀስት ኮልድ ቱ አስክ። አይ ጀስት ኮልድ ቱ ኮንፈርም። ፈረንጁ በፍጥነት ሲያወራ ኮልድ የምትለዋ ዲ ከቱ ጋር ተውጣ እንደምትጠፋ በጭብጨባ አሳዩኝ። እኔ እኮ ስልክ ላይ ያቺን ዲ ስፈልግ ነበር ሌላው የሚያመልጠኝ!

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሲሄዱ እኔን አስቀሩኝ። ወጥተው ከግቢው በር ውጭ ቆሙና በራሳቸው ካርድ ደወሉልኝ። እንግዳ ሆነው ክፍል ጠየቁ። ተንተባተብኩ፣ ዘጋሁባቸው። እንደገና ደወሉ። እንደገና ዘጋሁ። መሽቷል፣ ያካፍያል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በበሩ ስንጥቅ ይታዩኛል። ሰባተኛው ላይ ይመስለኛል፣ እስከ መጨረሻው አወራሁ። ሲገቡ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። «ዶንት ወሪ አባውት ኢት» ብቻ አሉኝ። ያቺን ደግሞ በሌላ ቀን ከቦብ ማርሌ «ስሪ ሊትል በርድስ» ጋር አገናኙልኝ። ዛሬ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ይቅርታ ሲለኝ የምመልስለት እሷን ነው።

ሌላም አለ። ዘፈን ውስጥ ያለው ሁሉ ሪሴፕሽን ላይ አይባልም ብለው ይለያሉ። «ኤይንት፣ ኤይንት ኖ ሰንሻይን ብሎ ለዘፈነው ለቢል ዊዘርስ ያምርበታል፣ አንቺ ግን ለእንግዳ ኤይንት ኖ ሩም አትበዪ፣ ዊ ሃቭ ኖ ሩምስ በዪ» ይላሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን አልሰማም ስላቸውም ቅር አላላቸውም። ስፒከሩን ዘግተው ግጥሙን እንደ ተራ ወሬ አነበቡልኝ፣ ትምህርቱ ቀጠለ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ዳር ዘጌ ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስንቱን ፈረንጅ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም አድርሷል፣ አፉ ላይ ያለው ግን ካም፣ ሲት፣ ኖ ፕሮብሌም ብቻ ነው። «ስለ ሥዕሎቹ ይጠይቁኛል፣ እኔ ታሪኩን እያወቅኩት ዝም እላለሁ» ይለኝ ነበር። ባለፈው እሑድ አብሬው ሄድኩ። እሱ በአማርኛ ነገረኝ፣ እኔ በምችለው እንግሊዝኛ ለእንግዶቹ ነገርኳቸው። እየተሳሳትኩም ቢሆን። አባዬ ሲመለስ ጀልባውን እየነዳ ዞር ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ምንም አላለም። ጋሼ፣ ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካዎት።

እባካችሁ ሂዱ። ሆቴል የምትሠሩ፣ ጀልባ ላይ ያላችሁ፣ ቡና የምትሸጡ፣ ልጆቻችሁን የምታስተምሩ፣ ሂዱ! ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤታቸውን አሳያችኋለሁ። ሰኞና ረቡዕ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ወንበሩ ስድስት ብቻ ስለሆነ ቀደም በሉ፣ እኔም ገና አልለቀቅኩም።