የወንድሜን እንቅልፍ ለመለሰችልን ነርስ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ በካንሰር የታመመ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውን ወይም እህታቸውን ቤት አስተኝተው ለሚያስታምሙ ሰዎች ነው። የ19 ዓመት ታናሽ ወንድሜ የአጥንት ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ለወራት በቤታችን እንቅልፍ የተኛ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተኝቶ ያነጋል። ለዚህም ከአላህ ቀጥሎ የማመሰግነው፣ ቤታችን ድረስ እየመጣች የሕመም ማስታገሻና የድጋፍ ሕክምና የምትሰጠውን ነርስ ነው።

እርሷን ከማግኘታችን በፊት ያሳለፍነውን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። ለሕክምና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ፣ ገና የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ጥርሱን ይነክስ ነበር። በአንድ የሕክምና ቦታ ወንድሜ አጠገቤ ክራንቹን ተደግፎ ቆሞ እየሰማ፣ «ከዚህ በላይ የምናደርግለት ነገር የለም፣ ወደ ቤት ውሰዱት» ተባልን። በሌላው ደግሞ ስለ ሕመሙ ስናመለክት «ወንድ ልጅ አይደል፣ ይቻለው» አሉን። በዚያ ሁሉ መመላለስ የሚያናግሩት እኔንና እናቴን ብቻ ነበር፤ እርሱን የጠየቀው አልነበረም። እኛም ብንሆን የበሽታውን ስም ደብቀነው ነበር።

ነርሷ በመጀመሪያው ቀን ስትመጣ ቦርሳዋን አልከፈተችም። ከፍራሹ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ «አንተን ከሁሉ አብልጦ ያስጨነቀህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ ሌሊት ሲያቃስት እናታችን ተነሥታ ስታለቅስ መስማቱ ከሕመሙ ይልቅ እንደከበደው ነገራት። ቀጥሎም «ካንሰር ነው አይደል?» አላት። እርሷ ግን ቶሎ አልመለሰችም። ወደ እናቴ ዞር ብላ ጠበቀች፤ እናቴ እያለቀሰች ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ፣ እጁን ይዛ እውነቱን በለሆሳስ ነገረችው። ወንድሜ አልጮኸም፣ አልደነገጠም። «አውቄ ነበር፣ እናንተን ላለማስከፋት ነው ያልጠየቅሁት» አለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤታችን መደባበቅ ቀረ።

ልትሄድ ስትነሣ ደግሞ እኔን በር ላይ አቁማ «አንቺስ እህቴ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» አለችኝ። ከታመመ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ መልስ ጠፍቶኝ አለቀስሁ። ሌሊቱን ከአክስቴ ጋር እየተፈራረቅን እንድንጠብቀው ያደረገችው እርሷ ናት።

ሐኪሙ የሞርፊን ሽሮፕ ሲያዝለት ሱስ ያስይዘዋል፣ ወይም የሞት መቃረብ ምልክት ነው ብለን ፈርተን ነበር። መድኃኒቱ በታዘዘው መጠን ለሕመም ሲወሰድ እንደ ሱስ እንደማይቆጠር በትዕግሥት አስረዳችን። ሕመሙ እስኪነሣ ሳንጠብቅ በየ4 ሰዓቱ እንድንሰጠው፣ ከሆድ ድርቀት መከላከያው መድኃኒት ጋርም እንዳናቆራርጠው አሳየችን። አሠራሩን እኔ አላውቀውም፤ የማውቀው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጠኝ ስትለው 9 ይል የነበረው ልጅ ዛሬ 2 እንደሚል ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ እርዳታ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ብቻ የሚሰጥ እንዳይመስላችሁ። የዓለም የጤና ድርጅትም ከሕመሙ መጀመሪያ አንሥቶ ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን እንዲሰጥ ይመክራል። እኛ የዘገየነው ይህን ባለማወቃችን ነው፤ እባካችሁ እናንተ አትዘግዩ። ሕክምናችሁ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ በዚያ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እንዲህ ያለውን አገልግሎት ስለሚሰጥ ጠይቁ።

ነርሷ ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አክብሬላታለሁ፤ የቸገረው ሰው ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ሰብስባችሁ፣ ሕመሙ የሚብስበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ጠብቋት። መጀመሪያ የምትጠይቀው ታማሚውን ነውና፣ እባካችሁ ስለ እርሱ እናንተ አትመልሱ።