በእጅ የተሠራ ባለቀለም መስታወት ሲገዙ ስፋቱን ሳይሆን ቁራጩን ይቁጠሩ

መስኮት ላይ የሚንጠለጠል፣ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለቀለም መስታወት ዋጋው ሲነገር፣ አብዛኛው ገዢ «ለዚህች ብቻ?» ይላል። በዚያው ስፋት 12 ቁራጭ ያለውና 60 ቁራጭ ያለው ሥራ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

አንዷ ቁራጭ የምታልፍበትን እንመልከት። የንድፉ ወረቀት ተቆርጦ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ዙሪያው በመቁረጫ ይጫራል፤ ከዚያ በፒንሳ ይሰበራል። ጠርዙ ውሃ እየነካው በአልማዝ መሞረጃ ይስተካከላል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የመዳብ ጥብጣብ ይጠቀለልበትና በሁለቱም ፊት እኩል ይታጠፋል። ጥብጣቡ በትንሹም ቢያጋድል የመጨረሻው መስመር በአንድ በኩል ወፍሮ፣ በሌላው ቀጥኖ ይታያል። ለአንዷ ቁራጭ 10 ደቂቃ ብንይዝላት እንኳ 60 ቁራጭ የ10 ሰዓት ሥራ ነው፤ ቁራጮቹን የሚያያይዘው የብየዳ ብረት፣ ስታኞው፣ ገና አልቀለጠም።

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚያንረው ወደ ውስጥ የሚገባ ኩርባ ነው። መስታወት ሲሰበር ቀጥታ መሄድ ይወዳል፤ ስለዚህ የወፍ አንገት ሥር ያለው ጉድጓድ በአንድ ጭረት አይወጣም። ሦስት አራት ጊዜ ተጭሮ፣ በፒንሳ ጥቂት በጥቂት እየተነከሰ ነው የሚወጣው። መጨረሻ ላይ ከተሰነጠቀ ቁራጩ ተጥሎ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሠሪዎች ንድፉ ከሚፈልገው ሩብ ያህል አስበልጠው መስታወት የሚገዙት ለዚህ ነው። ቀለሙም ዋጋ አለው፦ አንዳንዱ ሮዝ መስታወት ሲቀልጥ ወርቅ ይገባበታል።

ከዚያ ብየዳው ይመጣል። 60 እጅ ቆርቆሮና 40 እጅ እርሳስ የሆነው ስታኞ በፊትም በጀርባም ይፈስሳል። የብየዳው ካውያ አንድ ቦታ ከቆየ መስታወቱ በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ከተቻኮለ ደግሞ መስመሩ ይጎረብጣል። መሃል ላይ ያለች ቁራጭ ከተሰነጠቀች ዙሪያዋ ያለው ስታኞ ቀልጦ መውጣት አለበት። ልጆች የሚነካኩት ከሆነ እርሳስ የሌለበትን ስታኞ ጠይቁ፤ ይወደዳል፣ ግን ተገቢ ጭማሪ ነው።

ከመክፈል በፊት ጀርባውን ገልብጡት። መስመሩ እንደ ወፍራም ክር ድቡልቡል ካልሆነ ብየዳው በደንብ አልተሠራም፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካበቀለ ደግሞ ለብየዳ የተቀባው ፈሳሽ በደንብ አልታጠበም ማለት ነው። ማንጠልጠያዋ ሁለት ቁራጮች የሚገናኙበት መስመር ላይ መበየድ አለባት። የጠርዙ ጥብጣብ ላይ ብቻ ከተበየደች ጥብጣቡን የያዘው ማጣበቂያ ስለሆነ፣ ክብደቱ ውሎ አድሮ ልጦ ይጥለዋል። ይህ ጉድለት ያለበትን ሥራ በግማሽ ዋጋም አንመክርም።

ፕላስቲክ ተለጥፎበት፣ በጥቁር ቀለም መስመር የተሰመረበት ማስመሰያ ርካሽ መሆኑ ልክ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይለቅቃል። የእውነተኛው ቀለም ግን ከመስታወቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ፊት የቆመ ሰው ልዩነቱ አይጠፋውም።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ሠሪውን ዋጋ ቀንስ ከሚለው፣ ከአበባው ጀርባ ያለውን ሜዳ በ20 ቁራጭ ፈንታ በ6 ቀጥ ያሉ ቁራጮች እንዲሠራለት ይጠይቅ። አበባው እንዳለ ይቀራል፤ ዋጋው ግን በግልጽ ይወርዳል።