ሳሎናችንን ለሠሩልን አናጺ ምስጋናና ጥቆማ

የካ አባዶና ጣፎ አካባቢ የቤት ዕቃ ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። መጀመሪያ ግን ምስጋናዬን ላድርስ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ!

እኔና ባለቤቴ በብዙ ነገር እንግባባለን። የሳሎን ነገር ሲነሳ ግን አንስማማም ነበር። እኔ ብርሃን የሚገባበት፣ ዕቃ ያልበዛበት ቤት ነው የምወደው። ግራጫ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ነጭ መጋረጃ፣ በቃ። እሱ ደግሞ አጎዛው፣ የጅማ በርጩማዎቹና አማቴ በእጃቸው የሰፏቸው ሌማቶች ካልታዩት ቤት ቤት አይሸተውም። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ይህን ሁሉ አይችልም።

ያነጋገርናቸው ሌሎች ሠራተኞች ወይ የቱርክ ሶፋ ፎቶ ያሳዩናል፣ ወይ "አንዱን ጥግ ባህላዊ አድርጉት" ይሉናል። ባለቤቴን ጥግ ማስያዝ አልፈለግኩም። ቤቱ የእሱም ነው።

ጋሼ ቤት ድረስ መጡ። ሜትራቸውን ሳያወጡ ቁጭ ብለው ጠየቁን። "ማታ ማታ የት ነው የምትቀመጡት? ቡና የሚፈላው የት ነው? ልጆቹስ የት ያጠናሉ?" ቀጥለው ከዚህ ክፍል በፍጹም መውጣት የሌለበት ነገር ምን እንደሆነ ሁለታችንንም አናገሩን። እኔ ብርሃኑን አልኩ። እሱ ስፌቶቹን አለ። "ታዲያ ምን ያጣላል?" አሉና መለካት ጀመሩ።

ቀለሙን የወሰዱት ከሌማቶቹ ነው፤ ካልተነከረው ስንደዶ። የሶፋው ጨርቅ ያንኑ የገለባ መልክ ያዘ። ለእኔ ፈካ ያለ ነው፣ ለእሱ ደግሞ የእናቱ ስፌት ነው። እንጨቱ ዋንዛ ሆኖ ቀለም ሳይነካው በቫርኒሽ ብቻ ቀረ። ለትራሶቹ ሽሮ ሜዳ ሄደን ፈትል አሠራን። ጥበቡም ጠርዝ ላይ ብቻ እንዲሆን የመከሩን እሳቸው ናቸው፤ "ሁሉም ቦታ ካበራ ዓይን ማረፊያ ያጣል" ብለው። ስፌቶቹን እንደ ሐረር ቤቶች አንድ ግድግዳ ላይ ሰብስበው ሰቀሏቸው። የቀሩት ግድግዳዎች ባዶ ናቸው፣ እኔም አየር አገኘሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን የመሃሉን ጠረጴዛ ነው። ከፍ ስላደረጉት በርጩማዎቹ ከሥሩ ይገባሉ፤ ቡና ሲፈላ ሳብ አድርጎ መቀመጥ ነው። በአንዱ ጫፍ ዝቅ ያለ መደብ አለው፣ ላዩ ሴራሚክ የተለበጠ። የከሰል ምድጃው እዚያ ላይ ስለሚቀመጥ ፍሙ እንጨቱን አይነካውም። ማዕዘኖቹን በሙሉ ክብ አድርገዋቸዋል፤ ልጅ ሮጦ ቢጋጭ እንኳ ሹል ጠርዝ አይወጋውም።

ሥራቸው የታመነ ነው። ጣውላው መድረቁን ሳያሳዩን አልቆረጡም፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስፖንጁንም ጨርቅ ሳይለብስ በፊት በእጃችን አስነኩን። ወጪ ለመቀነስ ቲቪ ስታንዱን በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ በሚሠራ ሰሌዳ) አሠራነው። ኤምዲኤፍ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ስለዚህ ወለሉን ስንወለውል እንዳይረጥብ በእንጨት እግር ከፍ አደረጉልን። ውላችንን በጽሑፍ አደረግን፣ ቀብድ ከፈልን፣ ዕቃው በቀጠሮው ቀን ገባ። ሌላ ቦታ ቀብድ ሰጥቶ ደጅ ለጠና ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋቸው ከመንገድ ዳር ሶፋ ይወደዳል፣ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። የመጣ ስልክም ቶሎ አያነሱም፣ ወርክሾፓቸው ድረስ መሄድ ይሻላል።

ስልካቸውን ሳላስፈቅድ መለጠፍ ስላልፈለግኩ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በዓል ሲደርስ ሥራ ይደራረብባቸዋል። ለፋሲካ ማሠራት የምትፈልጉ ሁዳዴ ሳይገባ አናግሯቸው።