ኮን ቢም ሲቲ ለመንጋጋ መገጣጠሚያ፦ ከ14 ወራት አጠቃቀም በኋላ

በጥርስ ክሊኒካችን ያለው፣ ጥርስንና መንጋጋን በራጅ ጨረር ከየአቅጣጫው የሚያሳየው የኮን ቢም ሲቲ መሣሪያችን ሥራ ከጀመረ 14 ወራት ሆኖታል። ለመግዛት ስንመክር ባልደረቦቼ በዋናነት ያሰቡት የኢምፕላንት (ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ተከላንና የጥርስ ሥር ሕክምናን ነበር። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያጓጓኝ አፋቸውን ሲከፍቱ መንጋጋቸው ቋ የሚልባቸውን፣ ሲያኝኩ ከጆሯቸው ፊት የሚያማቸውንና ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲንከራተቱ የቆዩትን ታካሚዎች ከበፊቱ በተሻለ መርምሬ የመርዳት ተስፋ ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ ከሰከነ በኋላ፣ መሣሪያው ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንዳለውና ለየትኛው እንደሌለው በሥራ ላይ ካየሁ በኋላ ነው።

ኮን ቢም ሲቲ ለጥርስ ሕክምና ማገልገል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጣሊያንና በጃፓን በተሠሩ መሣሪያዎች ነው። የጨረሩ ምንጭና ከፊቱ ያለው መቀበያ ሰሌዳ በታካሚው ራስ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ የእኛው ለዚህ 18 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያ ዙር የተነሡትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ኮምፒውተሩ አቀናብሮ ቮክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ኩቦች የተገነባ አንድ ጥራዝ ያወጣል። ቮክሰሉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሆነ፣ ጥራዙን በፈለግነው ማዕዘን ብንቆርጠው የምስሉ ዝርዝር አይቀንስም። ለመገጣጠሚያው ከሁሉ የጠቀመኝ ባሕርይው ይህ ነው።

ስለ ዕለታዊው የጥርስ ሥራ ብዙ አልልም፤ የተባለለትን ያህል ሠርቷል። የታችኛው የጥበብ ጥርስ ሥር ከነርቭ ቦዩ ጋር መነካካት አለመነካካቱን ከመንቀላችን በፊት እናያለን፤ በላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ውስጥ የተሸሸገውን አራተኛ ቦይ ፍለጋም ቀሎልናል። ቅር ያሰኘኝ የብረትና ጨረር በደንብ የማያሳልፉ ሌሎች መሙያዎች ነገር ነው። ብረት ያለው ዘውድ፣ የብረት ምሰሶ ወይም በሥር ቦይ ውስጥ የተሞላ ጉታፐርቻ የተባለ መሙያ ሲኖር በዙሪያው ጥቁርና ነጭ ጭረቶች ይፈጠራሉ፤ ጥቁሩ ጭረት አንዳንዴ የተሰነጠቀ ሥር ይመስላል። እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ ስንጥቅ አለ ብዬ በምስሉ ብቻ መደምደም ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ የድዱን ኪስ ጥልቀት ለክቼ፣ ካስፈለገም በማይክሮስኮፕ አይቼ ነው የምወስነው።

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት፣ ከራስ ቅል ሥር የምትገኝ ትንሽ ቦታ ናት። አፍ ሲከፈት ኮንዳይል የምንለው የታችኛው መንጋጋ ራስ በራስ ቅሉ ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ከዚያም ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ደግሞ ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ ያለ ለስላሳ አካል አለ። መላውን መንጋጋ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል በሚያሳየው በፓኖራሚክ ራጅ ይህ ቦታ የሚታየው ከጉንጭ አጥንትና ከራስ ቅል ሥር ጥላ ጋር ተደራርቦ ነው፤ ስለዚህ አጥንቱ ክፉኛ ካልተበላሸ በቀር የጉዳቱ መጀመሪያ ያመልጠን ነበር። አሁን ያንኑ ኮንዳይል ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ዝርዝር እያየሁ የገጹን መሸርሸር፣ ከጠርዙ የበቀለውን የአጥንት እሾህ፣ ከገጹ ሥር የተቦረቦረውን ትንሽ ከረጢት መለየት እችላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ዓለም አቀፍ የመገጣጠሚያ ሕመም መለያ መስፈርትም የአጥንት መበላሸትን ለማረጋገጥ የሚያስቀምጠው የሲቲ ምስልን ነው። የኮንዳይሉ ገጽ ጠፍጣፋ መሆን ብቻውን ግን በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። ይህን ልዩነት ሳላጤን በፊት በጻፍኳቸው ሪፖርቶች ላይ «መበላሸት» የሚለውን ቃል ያለቦታው ተጠቅሜበታለሁ፤ ታካሚ ይህን ቃል ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚሸከመው ፍርሃት ቀላል አይደለምና ያሳዝነኛል።

የኮንዳይሉ ረጅም ዘንግ ቀጥ ብሎ ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋ ሳይሆን ውስጠኛው ጫፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ የማዘንበሉም መጠን ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው ላይም ከቀኝ ግራ ይለያያል። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያወጣው ቀጥ ያለ ቁራጭ ምስል ዘንጉን ስለማይከተል ጤናማውን ኮንዳይል ቅርጹ የተዛባ ሊያስመስለው ይችላል። ለእያንዳንዱ ጎን ዘንጉን በእጄ አስተካክዬ እንደገና መቁረጥ ነበረብኝ፤ በመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ የነበረው ይህ ሥራ አሁን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ሻጮች ለማሳያ የሚያቀርቡት በቀለም ያሸበረቀ የራስ ቅል ምስል ለታካሚ ለማስረዳት ጥሩ ነው፤ ለምርመራ ግን ተማምኜበት አላውቅም፤ ምክንያቱም ስሱን አጥንት ቀዳዳ ያለው ያስመስላል፣ ትንሹንም መሸርሸር ይሸፍናል።

በሁለተኛው ወር የደረሰብኝን ስህተት ልንገራችሁ፤ ሌላው ሐኪም እንዳይደግመው ነው። የአንዲት ታካሚ ምስል ሁለቱም ኮንዳይሎች ከጎድጓዳቸው ወደ ፊትና ወደ ታች የወረዱ መሆናቸውን አሳየኝ፤ እኔም የተለየ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ ምስሉ የተነሣው ታካሚዋ መሣሪያው ላይ ያለችውን የመንከሻ ዘንግ በፊት ጥርሶቿ ይዛ እንደነበር አስተዋልኩ። አፏ በዘንጓ ልክ ተከፍቷል፤ ኮንዳይሎቹም መሄድ የሚገባቸውን ያህል ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ለመገጣጠሚያ ምርመራ ዘንጓን አንጠቀምም። ታካሚው የኋላ ጥርሶቹን ገጥሞ በአገጭ ማሳረፊያና በራስ ማሰሪያ ብቻ ይያዛል፣ እንዴት እንደነከሰም በሪፖርቱ ላይ ይጻፋል። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይህ ጉዳይ አንድ መስመር እንኳ አልተሰጠውም፤ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

በወጣቶች ላይም ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ኮንዳይሉን የሚሸፍነው ድፍን የአጥንት ቅርፊት ተሟልቶ የሚታየው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ገደማ ነው። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ኮንዳይል ገጽ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ የተሸረሸረ ሳይሆን ገና በማደግ ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ኮንዳይል ከሌላው በልጦ ሲያድግና አገጭ ወደ ጎን ሲሄድ ደግሞ መሣሪያችን የቅርጹን ልዩነት በሚገባ ይለካል፤ ዕድገቱ አሁንም መቀጠሉን ወይም መቆሙን ግን ከአንድ ምስል ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ታካሚውን በጊዜ ልዩነት መከታተል ወይም ቴክኒሺየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሠራ የኑክሌር ሕክምና ምርመራ ያስፈልጋል።

የመሣሪያው ትልቁ ገደብ ዲስኩን አለማሳየቱ ነው። ቋ የሚለው ድምፅ፣ የአፍ መያዝና መቆለፍ በአብዛኛው ከዲስኩ ከቦታው መንሸራተት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ኮን ቢም ሲቲ ደግሞ ለስላሳ አካልን ለይቶ የማየት አቅሙ እጅግ ደካማ ነው። አፏን ከ28 ሚሊ ሜትር በላይ መክፈት ያቃታት አንዲት ታካሚ ነበረችኝ፤ ጤናማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 40 እና ከዚያ በላይ ይከፍታል። በኮን ቢም ሲቲ አጥንቶቿ ንጹሕ ነበሩ። ምስሉን ብቻ ብከተል «ምንም የለብሽም» ብዬ በሸኘኋት ነበር። አፏን ዘግታና የቻለችውን ያህል ከፍታ የተነሣችው ኤምአርአይ (ለስላሳ አካልን በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ግን ዲስኩ ወደ ፊት ተንሸራቶ፣ አፏን ስትከፍትም ወደ ቦታው እንደማይመለስ አሳየን። ለእሷ መጀመሪያ የሚገባት ምስል ኤምአርአይ ነበር፤ የእኛ ምርመራ የጨመረላት ጨረር ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል ሲሶ በሚሆኑት ላይ ኤምአርአይ የተንሸራተተ ዲስክ ያሳያል፤ ስለዚህ ያም ምስል ቢሆን ከምርመራ አልጋው ተነጥሎ ሊነበብ አይገባም። ጡንቻውን በጣት ተጭኖ ሕመሙን መፈለግ፣ የአፍ መክፈቻውን በማስመሪያ መለካት፣ ታካሚው እንዴት እንደሚተኛና ጥርሱን እንደሚያፋጭ መጠየቅ ቦታቸውን አልለቀቁም፤ ሕመሙ ከጡንቻ ብቻ የሚመነጭባቸው ታካሚዎች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ምስል ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል።

የጨረሩን መጠን በተመለከተ አንድ ወጥ ቁጥር መስጠት ታካሚን ማሳሳት ነው። ፓኖራሚክ ራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) አይበልጥም፤ ኮን ቢም ሲቲ ግን እንደ መሣሪያው፣ እንደ ምስሉ ስፋትና እንደ ጥራቱ ከጥቂት አሥሮች እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሲቨርት ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው በዓመት የሚቀበለው በዓለም አማካይ 2400 ማይክሮሲቨርት ገደማ ነው። መሣሪያችን ሲተከል ፋብሪካው ያዘጋጀው ልማዳዊ ምርጫ ትልቁ ስፋትና ከፍተኛው ጥራት ነበር፤ ባለሙያው ካልቀየረው እያንዳንዱ ታካሚ በዚያው ይነሣል። ይህን ከባድ ጉድለት እለዋለሁ። ለአንድ ጥርስ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በሁለቱም መገጣጠሚያዎች ላይ የአጥንት ቅርጽ ለማየት ደግሞ ብዙ ጊዜ የ0.3 ሚሊ ሜትር ቮክሰል አርክቶኛል።

ከገዛን በኋላ የተረዳነው ሌላው ነገር የንባቡ ሸክም ነው። ሰፊ ምስል ያነሣ ሐኪም የጠየቀውን ጥርስ ብቻ አይቶ መዝጋት አይችልም፤ በጥራዙ ውስጥ የገባው የአፍንጫ ጎን ክፍተት፣ የአየር መተላለፊያና የአንገት አጥንት ሁሉ መነበብ አለበት። ከሥልጠናዬ ውጭ የሆነውን ለራዲዮሎጂስት እልካለሁ። ፋይሉ ዳይኮም በተባለው የጋራ ቅርጽ ስለሚወጣ መላኩ አላስቸገረም፤ ማከማቻው ግን ከተነገረን ጊዜ በጣም ቀድሞ ሞላ። የአጥንትን ጥግግት በግራጫው ቁጥር ልለካ ስሞክርም ያው አጥንት በሁለት ምስል ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ፤ ግራጫው መጠን እንደ ሆስፒታል ሲቲ ቁጥር የተረጋጋ ስላልሆነ ሙከራውን ተውኩት።

ዛሬ እንደገና ግዛ ብባል እገዛለሁ፤ ነገር ግን ትልቁን የራስ ቅል ስፋት ትቼ ትንንሽ ስፋቶች ያሉትንና ታካሚው ሲንቀሳቀስ ምስሉን የሚያርም ሶፍትዌር ያለውን እመርጣለሁ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥና ራሳቸውን አጽንተው መያዝ ለሚከብዳቸው አረጋውያን 18 ሴኮንድ ረጅም ነው፤ የተደገሙብን ምስሎች አብዛኞቹ የእነሱ ነበሩ። ሊገዛ ላሰበ ክሊኒክ የምመክረው ደግሞ ኤምአርአይ ከሚያነሣ ተቋም ጋር አስቀድሞ እንዲስማማ ነው። እኛ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ በማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ምስሉ ምን ጥያቄ ይመልሳል?» የሚል ክፍት ቦታ ጨምረናል። ባዶ ሆኖ የመጣውን ማዘዣ የራጅ ባለሙያዋ ለአዘዘው ሐኪም ትመልሳለች፤ «የመገጣጠሚያ ሕመም» ተብሎ ብቻ የተጻፈውንም እንዲሁ።