ለእትዬ ምስጋና፣ ለድሬዳዋ ሰዎች ጥቆማ

ስሟን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች። «ስሜን ፌስቡክ ላይ ካየሁት ደጃችሁን አልረግጥም» ነው ያለችው። ስለዚህ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን የድሬ ልጅ ናት፣ አንቱ ሲሏት ትቆጣለች።

እትዬ ተመላላሽ ምግብ አብሳይ ናት። ሳቢያንም ከዚራም ደንበኞች አሏት። እኛ ጋ የመጣችው ባለቤቴ ደም ግፊት አለብህ ተብሎ፣ ሐኪሙ «ጨው ቀንሱ» ብሎ በሸኘን ሰሞን ነው። ጨው ቀንሱ ማለቱ ቀላል ነው። ጨው የት የት እንደተደበቀ የሚያሳይ ሰው ማግኘት ነው ጭንቁ።

የመጣች ዕለት ምንም አላበሰለችም። መደርደሪያውን ከፍታ አንድ በአንድ አወረደችው። በወረቀት የተጠቀለለችውን የወጥ ማጣፈጫ አንስታ «ይቺ ጨው ናት፣ ልብስ ቀይራ የመጣች» አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ግድም ማለት ነው። እትዬ ግራሙን አታውቀውም፤ ማንኪያዋን ግን ታውቃለች። የቤቱን ሰው ቆጥራ፣ ሰፍራ፣ «ለዛሬ ይቺው ናት» ብላ ዕቃውን ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። የሚረጋውን ዘይትም በፈሳሽ አስቀየረችን።

ከዚያ ቀፊራ ገበያ ይዛኝ ወረደች። አቦ፣ እሷ ጋር ገበያ መውጣት ሌላ ነገር ነው! ከማሽላ ነጋዴዋ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ከወተት ሻጯ ጋር በሶማሊኛ ትሳሳቃለች፣ ለእኔ በአማርኛ ትቆጣኛለች። ማሽላውን ዘገን አድርጋ ታሸተዋለች፣ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች። ቀጭ ካላለች አትገዛም፤ እርጥብ ነው፣ ይነቅዛል ትላለች። ኦቾሎኒ የባቢሌ፣ ፓፓያ የኤረር። ከቅርብ የመጣ ይረክሳል፣ ደግሞም ትኩስ ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የላትም።

የግመል ወተት ላይ ግን አትደራደርም። ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥም። «ጥሬው ነው መድኃኒቱ» የሚል ሰው ድሬ ላይ መዓት ነው። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ባልፈላ ወተት እንደሚተላለፍ ግን የጤና ባለሙያ ሁሉ የሚናገረው ነው። ወተት ሻጯ ስትስቅባትም «አንቺ ሳቂ፣ እኔ አፈላለሁ» ብላ ከፍላ ሄደች።

የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ነው የሚጣፍጠው። በማግስቱ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ ጤፍ ትቀላቅልበታለች፣ የተረፈውንም ፍርፍር ታደርገዋለች።

ቤተሰቡን የገዛችው ግን በሁልበት መረቅ ነው። የሐረሪዎች ምግብ ነው፤ እሷም ጀጎል ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ ነው የተማረችው። የአብሽ ዱቄቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች። ጠዋት መራራውን ውኃ ቀስ ብላ ከላይ ትደፋዋለች። ከዚያ መምታት ነው። በእጅ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ቢጫው ነጭ አረፋ እስኪሆንና ሳህኑን ሞልቶ እስኪነሳ። ትልቋ ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ተራ የምትጠብቅበት ብቸኛ ሥራ ይሄ ሆኗል። አረፋው ትኩስ የሥጋ መረቅ ላይ ጠብ ሲል ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ጨው እንዳነሰው ማንም አላስተዋለም፣ አማቴም ጭምር። እሷ ያላስተዋለችው ደግሞ የለም ማለት ነው።

ለሙቀቱ ሁመር የሚባለውን ጎምዛዛ ፍሬ ትዘፈዝፋለች። በእጇ አሽታ፣ አጥልላ፣ ስኳር ለስሙ ጣል አድርጋ ቀዝቀዝ ሲል ትሰጣለች። በዱቄት የሚበጠበጠው ጁስ ከቤታችን ወጥቷል። ለስላሳ አልወጣም። ትንሹ ልጄ ከኳስ ሲመለስ ከሱቅ ጠጥቶ ይገባል፣ አፉ ላይ ይታወቅበታል። ፓስታም አለ፤ ሱጎው ብቻ ከቀፊራ ቲማቲም ሆኗል።

የባለቤቴ ግፊት አሁን ደህና ነው። ሁሉንም ለምግቡ አልሰጥም፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይወስዳል። «እንግዲህ ተሽሎኛል» ብሎ ሊተወው ሲል ከሁላችን በፊት የጮኸችበት እትዬ ናት። «እኔ ወጥ ነው የማውቀው። ኪኒኑን ያዘዘህን ሰው ጠይቅ!»

እንከን የላትም አልልም። ታረፍዳለች። ስልክ አታነሳም። ማዕድ ቤት ውስጥ ባለቤቷ እሷ ናት፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ። የሽንኩርት አከታተፌን አይታ ቢላውን ከእጄ የቀማችኝ ቀን ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። እጇ ግን ንጹሕ ነው፣ መልስ በሳንቲም ታስረክባለች፣ የምታውቀውን አትደብቅም። አብሳይ ብቻ የሚፈልግ ሌላ ይፈልግ፤ እሷ ልማር ለሚል ሰው ነው የምትሆነው።

እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጆችሽ ካነበቡልሽ ስምሽን እንዳልጻፍኩ ይንገሩሽ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ዋጋዋን ራሷ ትንገራችሁ፤ እኔ ብናገር ትጣላኛለች። ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ የእኔ ናቸው፣ እንዳትነኩብኝ።