አግሪዌል 400፦ ብላስቶይድ የሚሠራበት ፕሌት በተጠቃሚ ዓይን

አግሪዌል 400 የሚባለው ፕሌት (ሕዋሳት የሚያድጉበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) በዓይን ሲታይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚገኝ ከማንኛውም ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት አይለይም። ልዩነቱ የሚገለጠው ማይክሮስኮፕ ሥር ነው፤ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ወለል ወደ 1,200 ያህል ጥቃቅን ጉድጓዶች የተከፋፈለ ሲሆን፣ እነዚህም የተገለበጠ ፒራሚድ ቅርጽና 400 ማይክሮሜትር ስፋት አላቸው። የሥራው መነሻ ቶሮንቶ የሚገኘው የፒተር ዛንድስትራ ቤተ ሙከራ ነው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል፣ ፕሌቱን ለገበያ የሚያቀርበው ደግሞ የካናዳው ስቴምሴል ቴክኖሎጂስ ነው። እኔ የተጠቀምኩበት ከሰው ስቴም ሴሎች (ወደ ተለያዩ የሕዋስ ዓይነቶች መለወጥ ከሚችሉ ሕዋሳት) ብላስቶይድ ለመሥራት ብቻ ስለሆነ፣ ግምገማዬም ከዚያ አያልፍም።

ብላስቶይድ ከተፀነሰ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን የሆነውን፣ ገና የማሕፀን ግድግዳ ላይ ያልተጣበቀውን ጽንስ የሚመስል የሕዋሳት ስብስብ ነው። ከወንድ ዘርና ከእንቁላል ሳይሆን ከስቴም ሴል የሚሠራ በመሆኑ፣ በልገሳ ብቻ የሚገኘውን ጽንስ ሳይነኩ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ለመፈተሽ ያስችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የቴክሳሱ የጁን ዉ ቡድንና የአውስትራሊያው የሆሴ ፖሎ ቡድን በኔቸር መጽሔት ውጤታቸውን ሲያሳትሙ፣ ሁለቱም ሕዋሶቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ፕሌት ነበር።

የፕሌቱ ትልቁ ብልጫ መጠንን ማስተካከሉ ነው። ሕዋሳት በማያጣብቅ ሳህን ላይ እንዲሁ ሲበተኑ በዘፈቀደ ስለሚሰባሰቡ፣ አንዱ ጓል የአሥር ሌላው የሁለት መቶ ሕዋሳት ይሆናል፤ እንዲህ ያሉትን እርስ በርስ ማወዳደር ደግሞ ትርጉም የለውም። እዚህ ግን ሠላሳ ሺህ ሕዋሳት በአንድ ጉድጓድ ሲጨመሩ ለእያንዳንዷ ፒራሚድ በአማካይ 25 ይደርሳታል። በማግስቱ ማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ማር እንጀራ በረድፍ የተደረደሩ እኩያ ክቦችን ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙ ወራት ልፋት በኋላም ያስደስተኛል።

አጠቃቀሙ ግን ጥድፊያ አይወድም። በቅድሚያ ሕዋሳቱ ከወለሉ ጋር እንዳይጣበቁ የሚከላከለው ፈሳሽ ይጨመርና ፕሌቱ በ1,300 ጂ (የመሬት ስበትን 1,300 እጥፍ በሚያህል ኃይል) ለአምስት ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ ታጥቦ ሕዋሳቱ ከገቡ በኋላ ደግሞ በ100 ጂ ለሦስት ደቂቃ ብቻ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የአየር አረፋ አለመቅረቱን በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ የግድ ነው። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ይህን በመዝለሌ፣ አረፋ በቀረባቸው ፒራሚዶች ሕዋስ ሳይገባ፣ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ከመጠን በላይ ሞልተው አገኘኋቸው፤ ጥፋቱ የራሴ ነበር። የማሳደጊያው ፈሳሽ ሲቀየርም የፒፔቱን ጫፍ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ግማሹን ብቻ በዝግታ መቅዳት ይገባል፤ አለበለዚያ ክቦቹ ተነሥተው ከጎረቤት ጋር ይቀላቀላሉ።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከፕሌቱ የማይጠበቅበትን በመጠበቅ ነው። ፕሌቱ ሕዋሳትን ይሰበስባል እንጂ ምን እንደሚሆኑ አይወስንም። የቪየናው የኒኮላ ሪቭሮን ቡድን ይህን ፕሌት ሳይሆን የራሱን ጥቃቅን ጉድጓዶች ተጠቅሞ፣ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብስቦች በአራት ቀን ብላስቶይድ እንዲሆኑ ማድረግ የቻለው፣ ሕዋሳቱን ወደ መጀመሪያው የጽንስ ደረጃ ቅርብ በሆነ ሁኔታ ላይ አቆይቶ ሂፖ፣ ቲጂኤፍ-ቤታ እና ኢአርኬ የተባሉትን ሦስት የምልክት መንገዶች (በሕዋስ ውስጥ ትእዛዝ የሚያስተላልፉ የሞለኪውል ሰንሰለቶች) በመግታቱ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሲከፋ መጀመሪያ የሚመረመረው የሕዋሳቱ ሁኔታ ነው። መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ሁሉ ብላስቶይድ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ጽንሱን፣ አስኳል ከረጢቱንና የእንግዴ ልጁን የሚመሠርቱት ሦስቱም የሕዋስ ዓይነቶች በየቦታቸው መኖራቸው በቀለም ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ሁለት ጉድለቶችን ልጥቀስ። ፕሌቱ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ብቻ ስለሆነ ወጪው ቶሎ ይከማቻል። የፒራሚዱ ዘቅዛቃ ግድግዳም ምስሉን ስለሚያዛባ፣ ጥራት ያለው ፎቶ የሚፈልግ ሰው ስብስቦቹን ወደ ሌላ ሳህን ማዛወር ይኖርበታል።

ቀጣዩን የዕድገት ደረጃ በጋስትሩሎይድ (ያንን ደረጃ በሚመስል የስቴም ሴል ስብስብ) ለሚያጠኑ ግን ይህን ፕሌት አልመክርም። በዚያ ሥራ የመነሻው ስብስብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ያሉት ከመሆኑም በላይ እያንዳንዱን ለብቻው መከታተል ስለሚያስፈልግ፣ ሕዋስ የማይጣበቅበትና ወለሉ ክብ የሆነ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ይሻላል።